ሬኔ ሌቬክ፤ ከራዲዮ ጣቢያ ወደ ጠቅላይ ግዛት አስተዳደር

ዜና የሚያነብ ወይም የዓለምን ነገር የሚተነትን ሰው፥ ስሙ በሕዝብ ዘንድ ከታወቀና ድምፁ ከተለመደ በኋላ ወደ ፖለቲካ መግባቱ በብዙ አገር የታየ ነገር ነው። ከነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ምርጫውን ያሸንፋሉ፤ ከወንበሩ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ግን ነገር በማስረዳትና ሕዝብ በማስተዳደር መካከል ያለው ርቀት ያስቸግራቸዋል። በካናዳ የኬቤክ ጠቅላይ ግዛት ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሬኔ ሌቬክ በማይክሮፎንና በጥቁር ሰሌዳ ፊት የተማሩትን ሙያ እንዳለ ይዘው ወደ ሚኒስትርነት ገቡ፤ በዚያም ሙያ ትልቅ ሥራ ሠሩ፤ ሙያው የማያደርስበትንም ስፍራ ደርሰው አዩት። የሕይወታቸውን ታሪክ በዛሬው እትማችን ያቀረብነው ስለዚህ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ኬቤክ በስፋትዋ ከካናዳ ጠቅላይ ግዛቶች ሁሉ የምትበልጥ ናት። አብዛኛው ሕዝብዋ ከፈረንሳይ አገር የመጡ ሰፋሪዎች ዘር ሲሆን፥ አገሩ በ1760 በእንግሊዞች እጅ ከወደቀ በኋላም ቋንቋውን ሳይለቅ ኖሯል። ይሁን እንጂ እስከ ሃያኛው ምእት ዓመት እኩሌታ ድረስ ባንኩ፥ ፋብሪካውና ትልልቁ ንግድ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እጅ ስለ ነበረ፥ ፈረንሳይኛ ተናጋሪው በገዛ አገሩ ከሥራ አስኪያጁ በታች ጸሐፊ፥ ከመሐንዲሱ በታች የቀን ሠራተኛ ሆኖ ይኖር ነበር። ይህ ሕዝብ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በ1945 የተፈሪ መኰንንን ትምህርት ቤት እንዲያስተዳድሩ የተጠሩት፥ በ1950ም የአዲስ አበባውን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያቋቋሙት እነ ዶክተር ሉሲየን ማት ከዚሁ ከፈረንሳይኛ ተናጋሪው ካናዳ የመጡ የኢየሱሳውያን ማኅበር አባሎች ነበሩ። ሬኔ ሌቬክም በልጅነታቸው የተማሩት በዚሁ ማኅበር መምህራን እጅ ነው።

የተወለዱት ኦገስት 24 ቀን 1922 ነበር። በቅርብ ሐኪም ቤት ስላልነበረ እናታቸው የተገላገሉት ወደ ጎረቤቱ ጠቅላይ ግዛት ወደ ኒው ብራንስዊክ ተሻግረው በካምቤልተን ከተማ ነው፤ ያደጉት ግን በጋስፔ ባሕረ ገብ ምድር፥ በባሕሩ ዳር ባለችው በኒው ካርላይል ነው። ይህች ትንሽ ከተማ በፈረንሳይኛ አገር መካከል ብትሆንም አብዛኛው ነዋሪዋ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ነበር። አባታቸው ጠበቃ ስለ ነበሩ ቤተ ሰቡ ችግር አያውቅም። ሕፃኑ ሬኔም ከእንግሊዝ ልጆች ጋራ እየተጫወተና እየተደባደበ ቋንቋቸውን እንደ እናቱ ቋንቋ አወቀ። በኋላ ዘመን በሁለቱም ቋንቋ ሳይደናቀፉ መናገራቸው ትልቅ መሣሪያ ሆኗቸዋል።

በ1933 በኒው ካርላይል አንድ የራዲዮ ጣቢያ ተከፈተ። ልጁም ገና በጉርምስናው፥ ከጋስፔው ሴሚናር ለዕረፍት ሲመለስ፥ በቴሌግራፍ በእንግሊዝኛ የሚመጣውን ወሬ ወደ ፈረንሳይኛ እየመለሰ ማንበብ ጀመረ። ሙያው የተጀመረው በዚህ ነው። በ1937 አባቱ ሲሞቱ ቤተ ሰቡ ወደ ኬቤክ ከተማ ሄደ፤ ወጣቱም በላቫል ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪ ሆነ። ነገር ግን ከሕግ መጻሕፍት ይልቅ የራዲዮ ጣቢያው፥ ሲጃራውና የካርታ ጨዋታው ስለ በለጡበት ትምህርቱን ሳይጨርስ ተወው። እንዲህ ያለውን ነገር ለተማሪዎች ምሳሌ አድርገን ማቅረባችን አይደለም፤ የሆነውን ለመንገር ያህል ነው።

በ1944 ሌቬክ፥ በካናዳ ጦር ውስጥ በእንግሊዝኛ ተናጋሪ አዛዦች ሥር ከመሰለፍ ይልቅ፥ ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ይፈልግ ወደ ነበረው ወደ አሜሪካኖች የጦርነት ማስታወቂያ መሥሪያ ቤት ገቡ። በቦምብ ውርጅብኝ ሥር በነበረችው በሎንዶን ሠርተው፥ በኋላም የአሜሪካንን ጦር ተከትለው ወደ ጀርመን ዘለቁ። በኤፕሪል ወር መጨረሻ 1945 የዳኻው የእስረኞች ሰፈር ነፃ በወጣ ሰሞን ከገቡት ጋዜጠኞች አንዱ ነበሩ። በዚያ ያዩት የሬሳ ክምርና የሕያው አጽም ከአሳባቸው አልጠፋም። ከሃያ ዓመት በኋላ የአንድ ሕዝብ ብሔርተኝነት መሪ ሲሆኑ፥ በዘር ጥላቻ የተለወሰውን ብሔርተኝነት አጥብቀው ይጠየፉ የነበረው ያን ስላዩ ነው ለማለት ይቻላል።

ከጦርነቱ በኋላ በሞንትሪያል የራዲዮ ካናዳ የውጭ አገር አገልግሎት ሠራተኛ ሆኑ። በ1951 ወደ ኮሪያ ተላኩ፤ የእኛም የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የደረሰው በዚያው ዓመት በሜይ ወር እንደ ነበረ አንባቢዎቻችን ያስታውሳሉ። ሌቬክ ከዚያ የላኩት ወሬ የጄኔራሎች መግለጫ ሳይሆን የምሽጉን ጭቃና የወታደሩን ድካም የሚያሰማ ስለ ነበረ፥ ስማቸው በፈረንሳይኛ ተናጋሪው ሁሉ ዘንድ ታወቀ።

ቴሌቪዥን ወደ ካናዳ የገባው በ1952 ነው። ቁመታቸው አጭር፥ ፀጉራቸው የሳሳ፥ ድምፃቸው በትምባሆ የሻከረው ሌቬክ ለቴሌቪዥን ይሆናሉ ብሎ የገመተ አልነበረም። በ1956 ግን ፑዋን ደ ሚር የተባለውን ሳምንታዊ ፕሮግራም ያዙ፤ ትርጓሜውም ዓይን ሁሉ የሚያነጣጥርበት ነጥብ ማለት ነው። መሣሪያቸው ካርታ፥ ጥቁር ሰሌዳ፥ ጠመኔና መጠቈሚያ ዘንግ ነበር። የመጀመሪያው ነገራቸው የስዊዝ ቦይ ጠብ ሆነ። ቦዩ የት እንዳለ፥ ማን እንደ ቈፈረው፥ ግብጽ ለምን እንደ ወሰደችው፥ ፈረንሳይና እንግሊዝ ለምን እንደ ተቈጡ፥ ከትምህርት ቤት ደጅ ያልደረሰ ገበሬ እንኳ እንዲገባው አድርገው ይናገሩ ነበር። ስለ አልጄሪያ ጦርነትም እንዲሁ አስረዱ። ሕዝቡን አላዋቂ ነው ብለው አይንቁትም ነበር፤ ያልተነገረው ነው ብለው ያምኑ ነበር እንጂ። ይህ እምነት በኋላ የአስተዳደራቸው መሠረት ሆኖ እናገኘዋለን።

ከዚህ ሙያ ያወጣቸው አንድ አድማ ነው። ዲሴምበር 29 ቀን 1958 በሞንትሪያል የራዲዮ ካናዳ የፕሮግራም አዘጋጆች ማኅበር የማቋቋም መብት ተከልክለው ሥራ አቆሙ። አስተዳደሩ እናንተ አለቆች ስለሆናችሁ የሠራተኛ ማኅበር አይገባችሁም የሚል አቋም ያዘ። ቴክኒሺያኑ፥ ጸሐፊውና ተዋናዩ ሁሉ ከአዘጋጆቹ ጋራ ወጣ። ሌቬክ በውል የሚሠሩ ሰው ስለ ነበሩ ነገሩ በቀጥታ አይነካቸውም ነበር፤ ነገር ግን ፕሮግራማቸውን አቁመው ከሰልፈኛው ጋራ ተሰለፉ፤ በአዳራሽ ተናገሩ፤ በማርች ወር 1959 በአንድ ሰልፍ ላይ ፖሊስ ይዟቸው ነበር። አድማው 68 ቀን ቈየ። በነዚህ ቀኖች ሁሉ የእንግሊዝኛው ክፍል ሥርጭቱን እንደ ወትሮው ሲቀጥል፥ የፈረንሳይኛው ቴሌቪዥን አሮጌ ፊልም ብቻ እያሳየ በዋናው ከተማ በኦታዋ ያሉት ሹማምንት ችግሩን ከቁም ነገር አልቈጠሩትም። የእንግሊዝኛው ክፍል እንዲህ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ በጥቂት ቀን መላ ይገኝለት እንደ ነበረ ሌቬክ ተረዱ። ጋዜጠኛውን ወደ ፖለቲከኛነት የለወጠው ይህ ነው።

በዚያን ጊዜ ኬቤክን ብዙ ዘመን የገዙት ሞሪስ ዱፕሌሲ በ1959 ሞተው፥ የሊበራል ፓርቲ መሪ ዣን ለሳዥ አዲስ ሰው ይፈልጉ ነበር። ሌቬክም በሞንትሪያል በሎሪዬ የምርጫ ክልል ተወዳደሩ። በምርጫው ወረቀት ላይ ስሙ እንደ እሳቸው ሬኔ ሌቬክ የሆነ ሌላ ዕጩ ተመዝግቦ መራጩን አደናገረው። ጁን 22 ቀን 1960 ድምፅ ሲቈጠር በ129 ድምፅ ብቻ አለፉ። በአገሩ ሁሉ ፊቱ የሚታወቅ ሰው በ129 ድምፅ መግባቱ ዝና በምርጫ ቀን ምን ያህል ቀላል ሚዛን እንዳለው ያሳያል።

የሠላሳ ሰባት ዓመቱ አዲስ ሚኒስትር የተሰጣቸው የሕዝብ ሥራዎችና የውሃ ኃይል ሚኒስቴር ነበር። የመንገድና የድልድይ ሥራ በዚያ አገር ከጥንት ጀምሮ ለገዢው ፓርቲ ወዳጆች የሚታደል በረከት ነበርና፥ ሌቬክ ሥራው በይፋ ጨረታ እንዲሰጥ አደረጉ። ከገዛ ፓርቲያቸው ሳይቀር ብዙ ሰው ተቀየማቸው። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ለወዳጅ እምቢ ማለት ለባላጋራ እምቢ ከማለት እንደሚከብድ በመሥሪያ ቤት የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል።

ወደ ትልቁ ሥራቸው እንምጣ። በኬቤክ ወንዝ ሞልቷል፤ ከወንዙ የሚገኘው የኤሌክትሪክ ኃይል ግን በብዙ እጅ የተከፋፈለ ነበር። መንግሥት በ1944 የሞንትሪያልን የመብራት ኩባንያ ወስዶ ሃይድሮ ኬቤክ የተባለውን መሥሪያ ቤት ቢያቋቁምም፥ በቀረው አገር ያሉት ኩባንያዎች የግል ነበሩ። እያንዳንዱ የራሱን መስመር ይዘረጋል፤ የራሱን ዋጋ ይቈርጣል። ሌቬክ ባደጉበት በጋስፔ ድኻው ዓሣ አጥማጅ ለመብራት የሚከፍለው ዋጋ ከሞንትሪያሉ ነዋሪ እጅግ የበለጠ ነበር። በሰሜን ምዕራብ በአቢቲቢ ደግሞ ኃይሉ የሚሰራጨው በ25 ሳይክል ስለ ነበረ፥ ለ60 ሳይክል የተሠራው የሌላው አገር ዕቃ በዚያ አይሠራም። በትልልቆቹ ኩባንያዎች ውስጥም ፈረንሳይኛ ተናጋሪ መሐንዲስ ለማግኘት በመብራት መፈለግ ያሻ ነበር።

ሚኒስትሩ ከጥቂት አዋቂዎች ጋራ ሒሳቡን ብዙ ወራት አጠኑ። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1962 በሞንትሪያል በአንድ ሆቴል የኤሌክትሪክ ሳምንት በዓል ሲከፈት፥ የኩባንያዎቹ አለቆች ፊት ቆመው ኩባንያዎቹ ወደ መንግሥት ይዞታ መዛወር እንደሚገባቸው ገለጡ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለሳዥ በነገሩ ፈቃደኛ አልነበሩም። ሌቬክ ግን ካርታቸውንና ጠመኔያቸውን ይዘው በየከተማው ወጡ። ኪሎዋት ምን እንደ ሆነ፥ መስመሩ ሲደራረብ ብክነቱ ስንት እንደ ሆነ፥ ትርፉ ወዴት እንደሚሄድ፥ ለስዊዝ ቦይ እንዳደረጉት ሁሉ በሰሌዳ ላይ እየሣሉ አስረዱ። አንድ ሚኒስትር ለመራጩ የሒሳብ ሰነድ እያነበበ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሳይሰለች ሲያዳምጠው ማየት በዚያ አገር አዲስ ነገር ነበር። በሴፕቴምበር ወር መጀመሪያ ሚኒስትሮቹ በአንድ ሐይቅ ዳር ለሁለት ቀን ተሰብስበው ከተከራከሩ በኋላ ለሳዥ ተሸነፉ፤ ነገሩም በምርጫ ለሕዝብ ፍርድ እንዲቀርብ ተወሰነ። የምርጫው ቅስቀሳ መንፈስ ሕዝቡ በገዛ ቤቱ ባለቤት ይሁን የሚል ነበር። ኖቬምበር 14 ቀን 1962 ሊበራሎች ከ95 ወንበር 63ቱን ወሰዱ።

ከሜይ 1 ቀን 1963 ጀምሮ 11 ኩባንያዎች ወደ ሃይድሮ ኬቤክ ተጠቃለሉ። ዋጋው 604 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። አንድም ኩባንያ አልተወረሰም፤ ባለአክሲዮኖቹ ገንዘባቸውን ተቀበሉ፤ ለዚህም 300 ሚሊዮን ዶላር ከኒውዮርክ ገበያ ተበደሩ። ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ መምህርና የሌቬክ የክርክር ጓደኛ የነበሩት ፒየር ኤሊዮት ትሩዶ፥ ይህን ያህል ገንዘብ አስቀድሞ ለቆመ ነገር ከሚወጣ ለሌላ ሥራ ቢውል ይሻላል ባይ ነበሩ። ጊዜው ግን ለሌቬክ ፈረደ። ዋጋው በአገሩ ሁሉ ተስተካከለ፤ የአቢቲቢም ሳይክል ተለወጠ፤ በ1968 ያለቀው የማኒክ አምስት ትልቅ ግድብም በፈረንሳይኛ ተናጋሪ መሐንዲሶች እጅ፥ በፈረንሳይኛ ቋንቋ ተሠራ። የአንድ ሕዝብ ቋንቋ ለጸሎትና ለዘፈን ብቻ ሳይሆን ለግድብ ሥራም እንደሚሆን ያ ትውልድ በዓይኑ አየ።

ሌቬክ ጥቂት ጊዜ የቤተ ሰብና የማኅበራዊ ኑሮ ሚኒስትር ከሆኑ በኋላ ፓርቲያቸው በ1966 ተሸነፈ። በ1967 ኬቤክ ነፃ መንግሥት ሆና ከካናዳ ጋራ በኤኮኖሚ ማኅበርተኛ ትሁን የሚል አሳብ አቅርበው ፓርቲው ስላልተቀበላቸው ለቀው ወጡ፤ በ1968ም ፓርቲ ኬቤኳ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። በ1970 ምርጫ አዲሱ ፓርቲ ከመቶ 23 እጅ ድምፅ አግኝቶ የተሰጠው 7 ወንበር ብቻ ነበር፤ ሌቬክም ወንበራቸውን አጡ። በ1973ም እንደገና ተሸነፉ። በነዚህ ዓመታት ጋዜጣ ላይ እየጻፉ ይኖሩ ነበር። በኦክቶበር ወር 1970 ነፃነትን በቦምብ እናመጣለን የሚሉ ሰዎች የጠቅላይ ግዛቱን የሠራተኛ ሚኒስትር ፒየር ላፖርትን አፍነው ሲገድሉ፥ ሌቬክ ያለ አንዳች ማመንታት ድርጊቱን አወገዙ።

ኖቬምበር 15 ቀን 1976 ከ110 ወንበር 71ዱን አሸንፈው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በተከታታይ የወጡት ሕጎች ብዙ ናቸው፤ ፈረንሳይኛን የሥራና የትምህርት ቋንቋ ያደረገው የ1977 ሕግ፥ የእርሻን መሬት ከቤት ሠሪ የጠበቀው የ1978 ሕግ፥ እንደ እሳቸው ከራዲዮና ከቴሌቪዥን የመጡት ሚኒስትር ሊዝ ፓየት ያወጡት የመኪና ኢንሹራንስ ይገኙባቸዋል። ሌቬክ ራሳቸው ይበልጥ የሚኰሩበት ግን ብዙ ሰው የማያስታውሰው ሕግ ነው። ይኸውም በዚያው በ1977 የወጣው የፓርቲዎች የገንዘብ ሕግ ነው። ከዚያ በፊት ኩባንያዎች ለፓርቲ በስውር ገንዘብ ይሰጣሉ፤ በኋላም ዋጋውን በሥራ ውል ይቀበላሉ። አዲሱ ሕግ ለፓርቲ ገንዘብ መስጠት የሚችለው መራጭ የሆነ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም በዓመት ከ3,000 ዶላር በላይ አይሰጥም፤ ከ100 ዶላር በላይ የሰጠም ስሙ በይፋ ይነገራል ብሎ ደነገገ። ኩባንያም የሠራተኛ ማኅበርም ተከለከሉ። በሕዝብ ሥራዎች ሚኒስቴር በጨረታ የጀመሩት ነገር በዚህ ሥሩን አገኘ። በ2013 ጣሪያው ወደ 100 ዶላር ዝቅ ተደርጓል።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ አሳዛኝ ነው። ሜይ 20 ቀን 1980 ሕዝቡ ስለ ነፃነቱ ድርድር እንዲወስን ተጠራ። የተጠየቀው ጥያቄ ከመቶ ቃላት የሚበልጥ ነበር። አስቀድሞ ለመደራደር ሥልጣን ስጡን፥ ኋላ ደግሞ ውጤቱን ይዘን ሁለተኛ እንጠይቃችኋለን የሚል ጥንቃቄ ስለ በዛበት ጥያቄው ተጠማዘዘ። የስዊዝን ቦይ በጠመኔ ያስረዱ ሰው የሕይወታቸውን ትልቁን ጥያቄ እንዲህ ባለ ዓረፍተ ነገር ማቅረባቸው ያስገርማል። ፈሪ ነበሩ ለማለት አንደፍርም፤ ሕዝባቸው የሚፈራውን ያውቁ ነበርና አብረው ፈሩለት ብንል ይቀርባል። ከመቶ ወደ 60 የሚጠጋው መራጭ እምቢ አለ። በዚያ ሌሊት ሌቬክ በሚያለቅሰው ሕዝብ ፊት ቆመው ሽንፈቱን በግልጥ ተቀበሉ።

በ1981 እንደገና ተመረጡ። በኖቬምበር ወር ግን በኦታዋ ስለ ካናዳ ሕገ መንግሥት በተደረገው ጉባኤ፥ እሳቸው ከወንዙ ማዶ በሆቴላቸው ሳሉ፥ የሌሎቹ ጠቅላይ ግዛቶች መሪዎች ከትሩዶ መንግሥት ጋራ በሌሊት ተስማምተው አደሩ። ከዚያ በላይ የጐዳቸው ግን በገዛ እጃቸው ያደረጉት ነው። የዓለም ንግድ ቀዝቅዞ የመንግሥት ገቢ በወደቀ ጊዜ፥ በ1982 መጨረሻ በወጣ ሕግ የመምህራኑ፥ የነርሶቹና የሌላው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ለ1983 የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከመቶ 20 እስኪጠጋ ተቀነሰ። መምህራን አድማ ሲመቱም በፌብሩዋሪ ወር የወጣ ብርቱ ሕግ በቅጣት አስፈራርቶ ወደ ክፍላቸው መለሳቸው።

በ1959 ለአድማ መብት በፖሊስ የተያዘው ሰው በ1983 አድማ የሚሰብር ሕግ ፈረመ። የገንዘብ ቤቱ በእርግጥ ባዶ ነበር፤ ማንም በዚያ ወንበር ላይ ቢቀመጥ ከአንድ ወገን መቍረጥ ግዴታው ነበር። ሆኖም በ1962 ውሳኔው የመጣው ከጠመኔው በኋላ ነው፤ በ1982 ግን ውሳኔው ቀደመ፥ ማስረዳቱ ተከተለ። መምህራኑ የፓርቲው ጀርባ አጥንት ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ አልተመለሱም። በ1984 ደግሞ ከኦታዋ ጋራ እርቅ ይሞከር ስላሉ ታላላቅ ሚኒስትሮቻቸው ጥለዋቸው ወጡ። ጤናቸውም ተናወጠ። በጁን ወር 1985 የፓርቲውን መሪነት፥ በኦክቶበርም ወር የጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ሥልጣን ለቀቁ።

በቀረችው ዕድሜ ወደ ቀድሞ ሙያቸው ተመልሰው ይጽፉ ነበር፤ በ1986 ያወጡት የሕይወት ታሪካቸውም እጅግ ብዙ ተሸጠ። ኖቬምበር 1 ቀን 1987 በሞንትሪያል አጠገብ በመነኮሳይያት ደሴት በሚገኘው ቤታቸው በልብ ድካም ሞቱ፤ ዕድሜያቸው 65 ነበር። የተቀበሩት በኬቤክ ከተማ አጠገብ በሲየሪ ነው። 

የሞንትሪያል ማዘጋጃ ቤት ከሞታቸው በኋላ በቀድሞው የእንግሊዝ ገዢ በሎርድ ዶርቼስተር ስም ይጠራ የነበረውን ሰፊ ጎዳና በስማቸው ሰየመው። የሃይድሮ ኬቤክ ዋና ሕንጻ የቆመው በዚሁ ጎዳና ላይ ነው። ጎዳናው ወደ ምዕራብ ወርዶ የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ዌስትማውንት ሲገባ ግን፥ የዚያ ማዘጋጃ ቤት ስሙን ለመለወጥ ስላልፈቀደ፥ በታርጋው ላይ የሚነበበው እንደ ድሮው ዶርቼስተር ነው።